የስጦታው ካላንደር ወግዲ ሲደርስ

ከመስከረም መባቻ አንስቶ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ስም ያልወጣለት ገበያ ይደራል። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ አስመጪው፣ ፋብሪካው ሁሉ ካላንደርና አጀንዳ፣ እስክሪብቶና የቁልፍ መያዣ፣ ቲሸርትና ኮፍያ ያድላል። ለመሆኑ የሚታደለው ለማን ነው? በአብዛኛው ቀድሞም ላላቸው ሰዎች ነው። አንድ የመምሪያ ኃላፊ ቢሮ ጥግ ስድስት ካላንደር እንደተጠቀለለ አቧራ ይጠጣል። ያው "በነፃ የሚሰጥ" የተባለው ዕቃ ደግሞ አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ይሸጣል። ሰጪው ድርጅት ግን "ይህን ያህል ሺህ ቅጂ አሠራጨን" ብሎ ሪፖርቱን ይዘጋል።

እኔ እንደሚመስለኝ የማስታወቂያ ስጦታ ዋጋ የሚለካው ተቀባዩ ቤት ውስጥ ነው። ዕቃው በሳምንት ስንት ጊዜ ይነካል? ስንት ጊዜ ይታያል? ዓመት ይዘልቃል ወይስ በሦስተኛው ቀን ይጣላል? ለዚህ መልስ የሚፈልግ ነጋዴ ከቦሌ ሕንፃዎች ወጣ ብሎ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ቢያይ ይጠቀማል። መካነ ሰላምና ወግዲ ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚደረስባቸው፣ በምዕራብ በኩል ዓባይ የሚያዋስናቸው አገሮች ናቸው። የፋብሪካ ዕቃ እዚያ የሚደርሰው የጭነት ዋጋ ተጨምሮበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንስቶ በአማራ ክልል ግጭቱ መንገድ በዘጋ ቁጥር ደግሞ ዋጋው የባሰ ይንራል። ስለዚህ እዚያ ቤት የገባ ዕቃ እንዲሁ አይጣልም።

ቲሸርቱን እንውሰድ። በመጀመሪያው ዓመት የክት ልብስ ነው፤ ገበያ ይወጣበታል። በሁለተኛው የእርሻና የአጨዳ ይሆናል። አንገቱ ሲሰፋ ለልጅ ይተላለፋል፤ ሲቀደድ ትራስ ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው ቁራጭ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ዕድሜውን ይጨርሳል። ኮፍያው እረኛ ራስ ላይ ነው። እስክሪብቶው ቀለሙ ሲያልቅ ቀፎው አይወድቅም፤ ጣት ሊይዘው ያልቻለ አጭር እርሳስ ይሰካበትና ተማሪው ሌላ ወር ይጽፍበታል። የቁልፍ መያዣው የጓጉንቸር ቁልፍ ይዞ ከእናት አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከዱቄት ሳሙና ጋር ታስሮ በምርቃት የተሰጠው ጆግ እጅ ያስታጥባል። ጃንጥላው የክረምቱን ዶፍ ይመክታል፤ በበጋ ደግሞ ለቀብርና ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ በጀርባ የታዘለ ሕፃንም ከፀሐይ ይጋረድበታል። የቢራ ቆርኪ ሳይቀር ሥራ አለው፤ ምስማር ቆርቆሮውን ቀድዶ እንዳያልፍ ከሥሩ ይነጠፋል፣ ሰፈር ውስጥም የአንዱ ፋብሪካ ቆርኪ ከሌላው ጋር ዳማ ሰሌዳ ላይ ይፋለማል። ፋብሪካዎቹ በገበያ ከሚፋለሙት እዚያ የሚፋለሙት ሳይበልጥ አይቀርም።

ሳይታሰብ ማስታወቂያ የሆነም አለ። "ሃይላንድ" የውኃ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ማንኛውም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው። ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ አረቄ፣ ጠበል የሚቀዳው በእሱ ነው። ወሎ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ላዩ ላይ "ከአሜሪካ ሕዝብ" የሚል ተጽፎበት የመጣው ቆርቆሮ ተቀድዶ በር ሆኗል፣ ጣሪያ ተደፍኖበታል፣ ተቆርጦ መስፈሪያ ሆኖ ጉሊት ወጥቷል። ጆንያው መኝታና መጋረጃ ሆኗል። ባለቤቱ ዩኤስኤአይዲ ራሱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግቶ ቀሪ ሥራው ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተጠቃሏል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ በየበሩ ላይ አለ። ለዚህ ዕድሜ የከፈለው ተጨማሪ ሣንቲም የለም፤ ቆርቆሮው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ነው።

ወደ ካላንደሩ እንመለስ። ከሁሉ የሚያዋጣው እሱ ነውና። ሂሳቡ ቀላል ነው። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት እያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢያየው በዓመት ከ1,800 ጊዜ በላይ ይታያል። የትኛው የሬዲዮ ማስታወቂያ ነው በዚያ ዋጋ ይህን ያህል ጊዜ የሚደመጠው? ዓመቱ ሲያልቅም አይጣልም። ወፍራሙ ወረቀት የልጆች ደብተር ይለበድበታል፤ ሥዕል ያለው ከሆነ የጭቃውን ግድግዳ እያስጌጠ አቧራ ይከላከላል።

ታዲያ የትኛው ካላንደር ነው ግድግዳ የሚያገኘው? ድርጅቶቻችን የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሕንፃውን በትልቁ ያሳትማል፤ ቀኖቹ በጉንዳን ፊደል ተጽፈው ከሥር ይቀራሉ። አንዳንዱማ የፈረንጁን ቀን በትልቁ፣ የእኛን በትንሹ ያደርገዋል። የወግዲ እመቤት ከካላንደር የምትፈልገው 12 ሚካኤልን፣ 21 ማርያምን፣ 27 መድኃኔ ዓለምን ነው። ማኅበሯን የምትደግሰው፣ ጠላዋን የምትጠነስሰው በዚያ ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ማወቅ ትፈልጋለች፤ በዓሉ በባሕረ ሐሳብ እየተሰላ በየዓመቱ ይዞራልና። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት፤ እሷም የረመዳንን መግቢያና የዒዱን ቀን ትጠብቃለች።

ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የንግድ ጉዳይም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው። የከብት ነጋዴው፣ ቅቤ ተረካቢው፣ የዕንቁላል ሰብሳቢው፣ ባለሉካንዳው ሁሉ ዋጋ የሚቆርጠው ይህንን እያሰላ ነው። የእስልምናው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደኋላ ይመጣል፤ ሁለቱ ጾሞች የተደራረቡበት ዓመት ለሥጋ ገበያ ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ያሳየ ካላንደር ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ይሰቀላል። ሕንፃ ብቻ ያሳየው ለደብተር ልባስ ይሄዳል።

ስለ አጀንዳም አንድ ነገር ልበል። በየሱቁ የዱቤ መዝገብ ሆኖ የሚያገለግለው እሱ ነው፤ የዕድር ጸሐፊውም በእሱ ይመዘግባል። ቀኖቹ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚታተሙ ኅዳር ላይ ስኳር የወሰደ ሰው "ማርች 12" በሚለው ገጽ ተመዝግቦ ይገኛል። ባለሱቁ ለቀኑ ግድ የለውም፤ መስመር ስላለው ይበቃዋል። እዚያ ገጽ ላይ የስም፣ የዕቃና የብር ዓምድ አስምሮ የሚሰጥ ጅምላ ሻጭ ግን ስሙ ከቸርቻሪው እጅ ዓመቱን ሙሉ አይወጣም። እስካሁን ያደረገው አላጋጠመኝም።

"የመካነ ሰላም ነጋዴ እንደ ባንክ ማሳተም ይችላል ወይ?" የሚል ይኖራል። ብቻውን ይከብደዋል። አሥር ሆነው ቢያዋጡስ? አንድ ባለሆቴል፣ አንድ ባለፋርማሲ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ፣ አንድ ባለወፍጮ፣ አንድ የእህል ነጋዴ፣ ከየሙያው አንድ አንድ ስለሆነ የሚሻማ የለም። 1,000 ቅጂ ቢያሳትሙ ለእያንዳንዱ 100 ይደርሰዋል፣ ለራሱ ደንበኞች ያድለዋል። ስሙ ግን በ1,000 ቤት ይሰቀላል፤ የዘጠኙ ደንበኞችም አዩት ማለት ነው። የአካባቢው የገበያ ቀን በቀይ ይታተም። ከየወሩ ሥር ሦስት ባዶ መስመር ይተው፤ ላሟ የተጠቃችበት፣ ዕቁብ የሚወጣበት፣ ልጅ ክትባት የሚሄድበት ቀን ይጻፍበታል። የእጅ ጽሑፍ ያረፈበትን ወረቀት ማንም አያወርድም። ስልክ ቁጥሩ የማይቀየር ይሁን፤ ቁጥሩ የተቀየረ ካላንደር ደንበኛን ወደሌላ ሱቅ ይልካል። ትእዛዙም እስከ ሰኔ መጀመሪያ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ነሐሴ ላይ የሚታተም ካላንደር በክረምቱ ጭቃ ተጉዞ ወግዲ ሲገባ ጥቅምት ይጋመሳል፣ ግድግዳውም በሌላ ተይዟል።

ርካሽ ሲባል ደግሞ መጠን አለው። በመጀመሪያው በረዶ አጥንቱ የሚገለበጥ ጃንጥላ በነፃም ቢሰጥ የሰጪውን ስም ያስነሳል፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያስነሳው መናገር አያስፈልግም። መቶ ደካማ ጃንጥላ ከመስጠት ሠላሳ ጠንካራ መስጠት ይሻላል።

ቀጣዩ ዕቃ የሚመስለኝ ከረጢት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ሕጉ ገጠር ገበያ ድረስ በምን ፍጥነት እንደሚሠራበት ጊዜ ያሳያል፤ ዘንቢልና ስልቻ ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። የሆነ ሆኖ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሊትር ዘይት የሚችል፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ የተሰፋ የአቡጀዲ ከረጢት የሱቁን ስም ይዞ በየገበያው ቀን ከቤት ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። መስፋቱ የመካነ ሰላም ልብስ ሰፊ የሚችለው ሥራ ነው። ስሙን የሚያትምበት ቀለም ግን አጠባ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ አንዱን አጥቦ ይይ።