ራስን መቻል በወራት ቆጠራ አይለካ!

በሚኒሶታ ግዛት ዳኮታ ካውንቲ፣ ከሴንት ፖል ከተማ በስተደቡብ፣ 155 ኤከር የሚሰፋ የእርሻ መሬት አለ። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የሞንግ አሜሪካውያን ገበሬዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በኪራይ ይዞት የቆየውን ይህን መሬት በ2022 ገዝቶ የራሱ አድርጎታል። ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ለተፈናቀለው የሞንግ ሕዝብ ይህ ትልቅ ድል ነው። የስደተኞች ጉዳይ ያገባናል የሚሉ ሁሉ፣ እኛ በዚህ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ከዚህ ድል ልንማር ይገባል ብለን እናምናለን።

ሞንጎች ተራራ ላይ ሩዝ፣ በቆሎና አትክልት እያመረቱ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በጄኔራል ቫንግ ፓኦ መሪነት አሰልፎ በድብቅ ጦርነት አዋጋቸው። በ1975 ላኦስ በኮሙኒስቶች እጅ ስትወድቅ ከአሜሪካ ጋር የተሰለፉት ለበቀል ተጋለጡ። የሜኮንግን ወንዝ ለመሻገር ሲሞክሩ ብዙዎች አለቁ፤ የተረፉት ታይላንድ ውስጥ በባን ቪናይና በሌሎች መጠለያዎች ዓመታት ቆይተው ወደ አሜሪካ መጡ። የመጨረሻው ትልቅ ቡድን፣ 15 ሺህ ያህል ሰው፣ ከዋት ታም ክራቦክ መጠለያ መምጣት የጀመረው በ2004 ነው። ከጎልማሶቹ ብዙዎቹ ቀለም የመቁጠር ዕድል አላገኙም። በእጃቸው የነበረው ሙያ እርሻ ነው።

የቬትናም፣ የካምቦዲያና የላኦስ ስደተኞች አቀባበል ቋሚ መልክ የያዘው በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ነው። ከሱዳን መጠለያዎች ወደዚህ አገር የገቡ ኢትዮጵያውያንም የመጡት በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉ ስደተኛው በተቻለ ፍጥነት በኢኮኖሚ ራሱን እንዲችል ይሻል። ዓላማውን እንደግፋለን፤ የምንቃወመው መለኪያውን ነው። ሌላ የመንግሥት ድጎማ ለማያገኙ ስደተኞች የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ መጀመሪያ እስከ 36 ወር ይዘልቅ ነበር። በ1982 ወደ 18፣ በ1988 ወደ 12፣ በ1991 ወደ 8 ወር ወረደ። በ2022 ወደ 12 ወር ቢመለስም በ2025 ወደ 4 ወር ተቆርጧል።

በ4 ወር ውስጥ ሰው ቋንቋ ለምዶ፣ ሙያውን አስመስክሮ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ ሥራ አያገኝም። የሚያገኘው መጀመሪያ የተከፈተለትን በር ነው፤ የሌሊት ፈረቃ፣ የሥጋ ፋብሪካ፣ የመጋዘን ሸክም። ሥራው ክቡር ነው። ነገር ግን ለመማሪያ ጊዜ የማይተርፈው ሰው አሥር ዓመት ቆይቶም እዚያው ሊገኝ ይችላል፤ በመዝገብ ላይ ግን “ራሱን ችሏል” ተብሎ ፋይሉ ተዘግቷል። ረጅም ድጋፍ ስንፍናን ያስተምራል የሚሉ ወገኖች አሉ። የሞንግ ገበሬዎች ታሪክ ለዚህ ሥጋት በቂ መልስ ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ከሥራ ቦዝነው አያውቁም፤ ያጡት የልፋታቸው ፍሬ የሚከማችበትን ቦታ ነበር።

ለብዙ ዓመታት የሰው መሬት በቃል ስምምነት ለአንድ ክረምት እየተከራዩ አትክልት ሲያመርቱ ኖረዋል። ባለመሬቱ “ለከርሞ የለህም” ካለ ያለሙት አፈር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የውኃ መስመር መዘርጋትም ሆነ ከዓመት ዓመት የሚያፈራ ተክል መትከል አይታሰብም። ምርቱ በአንድ ሰሞን ወደ አንድ ገበያ ሲጎርፍ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል።

ማኅበሩ እጁን የከተተው እዚህ ላይ ነው። ለቤተሰቦች መሬት በረጅም ጊዜ ኪራይ ያከፋፍላል። ምርታቸውን ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች፣ ለሸማች ማኅበራትና አስቀድመው ለከፈሉ ደንበኞች ያቀርባል። ስለ አፈር እንክብካቤ፣ ስለ ምግብ ደኅንነትና ስለ ሒሳብ አያያዝ በራሳቸው ቋንቋ ያሠለጥናል፤ አነስተኛ ብድርም ያመቻቻል። ለመሬቱ ግዢም የሚኒሶታ ግዛት ገንዘብ መድቧል። የመንግሥት ገንዘብ በዚህ መንገድ ሲወጣ ለትውልድ የሚተላለፍ ሀብት ይሆናል።

ይህ መንገድ የሞንጎች ብቻ አይደለም። በሎንግ ቢች ካምቦዲያውያን በ1977፣ በማሳቹሴትስ ሎዌል ደግሞ በ1984 የየራሳቸውን የመረዳጃ ማኅበር አቋቁመዋል። የወገኑን ቋንቋ የሚናገር፣ የደረሰበትን መከራ የሚያውቅና ከዓመታት በኋላም በሩ የማይዘጋ ተቋም ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ይልቅ ለስደተኛው ቅርብ ነው። ከእኛም መካከል በ1983 በቨርጂኒያ አርሊንግተን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከራሱ ወገን አልፎ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞችን የሚያሰፍር ብሔራዊ ድርጅት ለመሆን በቅቷል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የ4 ወሩን ገደብ አንስቶ ቢያንስ የ12 ወሩን ድጋፍ ይመልስ። ስደተኛ ራሱን ቻለ የሚባለው መጀመሪያ ሥራ በያዘበት ቀን መሆኑ ቀርቶ፣ ከዓመታት በኋላ ያለው ገቢ፣ ቁጠባና ንብረት ይቆጠር። ግዛቶችና በጎ አድራጊ ፋውንዴሽኖችም ስደተኞች ራሳቸው ለሚመሯቸው ማኅበራት በየዓመቱ የሚታደስ ቁርጥራጭ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ የብዙ ዓመት በጀትና ቋሚ ንብረት የሚገዙበትን አቅም ይስጧቸው።

ለራሳችን ማኅበራትም ጥሪ አለን። ዕቁብና ዕድር ይዘን ነው የመጣነው። በዕቁብ ብዙዎች ታክሲ ገዝተዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፤ በዕድር አስከሬን ወደ አገር ቤት ልከናል፣ ሐዘንተኛ አጽናንተናል። ይህ መተማመን ከግለሰብ ንግድና ከቀብር ወጪ አልፎ በማኅበር ስም ለሚያዝ ሕንፃ፣ ለሥልጠና ማዕከልና ለአዲስ ገቢዎች የብድር ፈንድ መዋል ይኖርበታል። ሞንጎች አሜሪካ መግባት ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ መሬቱ የማኅበራቸው እስኪሆን ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ገና ለሚመጡት ወገኖቻችን ያንን ያህል ዘመን እንዳይፈጅባቸው፣ የማኅበራት መሪዎች በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያቸው የጋራ ንብረት ዕቅድ አቅርበው ያስወስኑ።