የመርሳት ሕመምተኛ ያለችበትን ቤት ማን ይመርምረው?

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ሌት ተቀን የምትደክሙበት ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት፣ መጦሪያም ይሁን የግል መኖሪያ፣ ደኅንነቱና አያያዙ በማን ይመረመራል? ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት ግን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት አባን አጅበን ከቤይሩት በላይ ተራራው ላይ ወዳለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሄደን ነበር። የሄድነውም እዚያ የሚሠሩ እህቶቻችንን እግረ መንገዳችንን ለመጠየቅ ነው። ከሳምንት በፊት ስልክ ደውለን ቀን አስይዘናል። ስንደርስ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል፤ አንሶላው ነጭ ነው፤ አሮጊቶቹ ጸጉራቸው ተበጥሮ በረድፍ ተቀምጠዋል። ቡና ጠጣን፣ ኃላፊዋን አመሰገንን፣ ወጣን። ደረጃው ላይ መጥረጊያ ይዛ የጠበቀችን አንዲት እህት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቶች፣ ያያችሁት ለእናንተ የተሰናዳውን ነው። ማታ ለሠላሳ ሰው ሁለት ነን። ያ ሁሉ ጸጥታም ጠዋት የተሰጣቸው ኪኒን ነው» አለችን። እውነትም ከተቀመጡት መካከል አንዷ እንኳ ቃል እንዳልተነፈሰች ያን ጊዜ ትዝ አለን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው የእኛ ነው። ወለል አይተን ተመለስን፤ ሰውን አላየንም።

ከዚያ ወዲህ በሌላ አገር ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ስናነብና ስንጠይቅ ቆይተናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ በ1987 ባወጣችው የመጦሪያ ቤቶች ሕግ መሠረት ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም መጦሪያ ቢበዛ በየ15 ወሩ ይመረመራል። መርማሪዎቹም ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። የሚመጡበትን ቀን ለቤቱ ሹክ ያለ ሰው እስከ 2,000 ዶላር እንዲቀጣ ሕጉ ሲወጣ ተደንግጓል። እኛ ስልክ ደውለን የሠራነውን ስሕተት እነርሱ በሕግ ዘግተውታል ማለት ነው። ይኸው ሕግ አረጋውያንን ለቅጣት ወይም ለሠራተኛው ሥራ ማቅለያ ብሎ በገመድም ሆነ በመድኃኒት ማሰርን ከልክሏል።

በእንግሊዝ አገርም ከ2009 ጀምሮ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። መርማሪዎቹ አምስት ነገር ይጠይቃሉ። ቤቱ ደኅንነት አለው ወይ? እንክብካቤው ለሰውየው ይጠቅመዋል ወይ? ሠራተኞቹ ርኅራኄ አላቸው ወይ? የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት ይሟላል ወይ? አመራሩስ ደኅና ነው ወይ? የመርሳት ሕመም የጸናበት ሰው ግን ተጠይቆ መመለስ አይችልም። ስለዚህ መርማሪው ጥግ ይዞ ይቀመጥና እያየ ይጽፋል። ስታጎርሳት አጠገቧ ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ? እያናገረቻት ነው ወይስ ቴሌቪዥን እያየች? አሮጊቷ እጅዋን ስትዘረጋ የያዘላት አለ ወይ? በወረቀት ላይ የማይገኘው እዚህ ይገኛል።

በመዝገብ የሚታየውም ቀላል አይደለም። ክብደትዋ ቀንሷል ወይ? ስንት ጊዜ ወደቀች? ተረከዝዋና ወገብዋ ሥር ቁስል አለ ወይ? ማታ ስንት ሠራተኛ ያድራል? በእሳት ጊዜ የሚወጣበት በር ይከፈታል ወይ? ከሁሉም በላይ ግን ለምን እንደሚሰጥ የማይታወቅ ኪኒን ይፈለጋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 ከባድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙትን አዳዲስ ማረጋጊያ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሽማግሌዎች ሲሰጧቸው የመሞት አደጋቸው ከ1.6 እስከ 1.7 እጥፍ ከፍ እንደሚል ነው የገለጸው። በ2008 ማስጠንቀቂያውን በቆዩት መድኃኒቶች ላይም ጨመረው። ሐኪም አስቦበት ሲያዝዘው አንድ ነገር ነው፤ «ዝም እንድትል» ተብሎ ሲሰጥ ግን ዝምታው በነፍስ የተገዛ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንምጣ። በሊባኖስ ብዙ ቤተሰብ እናቱን መጦሪያ ማስገባት እንደ ነውር ያየዋል፤ ከ2019ኙ የገንዘብ ቀውስ ወዲህ ደግሞ ቢፈልግም የማይችል በዝቷል። ስለዚህ ቴታ ቤትዋ ትቀመጣለች፣ እናንተም አብራችሁ። ታጥቧታላችሁ፣ ታጎርሷታላችሁ፣ ዳይፐር ትቀይሩላታላችሁ፣ ሌሊት ስትነሣ ትነሣላችሁ። በሌላ አገር በነርስ፣ በሐኪምና በተረኛ የሚሠራውን አንድ ሰው ይሠራዋል። እንግዲህ ያ ቤት አንድ ሕመምተኛና አንዲት ሠራተኛ ያለበት መጦሪያ ነው። መርማሪ ግን የለውም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ስላደረጋቸው የሥራ ተቆጣጣሪ በዚህ ሕግ በሩን አያንኳኳም። ቴታም እናንተም ከአንድ በር ኋላ ያለ ምስክር ተቀምጣችኋል።

«ቤት የግል ነው፤ መንግሥት መኝታ ቤት ድረስ ሊገባ ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። ስለ ገመና መጠበቅ መጨነቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስለ ቤት ሠራተኞች የሚናገረው ቁጥር 189 ስምምነት ይህንኑ አስቦበታል። በ17ኛው አንቀጽ አገሮች የቤተሰብን ገመና ጠብቀው ተቆጣጣሪ ወደ ቤት የሚገባበትን ሁኔታ በሕግ እንዲወስኑ ይላል። ሊባኖስ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። እንድታጸድቅ መጠየቅ ይገባል፤ እስከዚያው ግን ቴታ ትወድቃለች፣ እናንተም ትደክማላችሁ። መርማሪ እስኪመጣ ዝም ብለን እንቀመጥ ወይ?

የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ለዚያ ቤት ዛሬ ሊገኝ የሚችለው መርማሪ የእናንተ የእረፍት ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስትወጡ ልጅዋ ወይም ምራትዋ በእናንተ ቦታ ትቆማለች። እናትዋን ስታጥብ የወገቡን ቁስል ታያለች። ስታጎርስ ምግብ እንደማይዋጥላት ታውቃለች። ኪኒኑን ስትሰጥ «ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሌሊት አራት ጊዜ ስትነሣ እናንተ በየሌሊቱ ምን እንደምታሳልፉ ይገባታል። በሰባት ቀን አንድ ጊዜ፣ በገዛ ዓይንዋ። ይህን ምርመራ በወለል ማብራት ማታለል አይቻልም። ያ ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ያለው ለሠራተኛዋ ነው፤ እኛ ግን ለቴታም ነው እንላለን። እንቅልፍ ያጣ ሰው ኪኒን ያሳስታል፣ ሲያነሣ ይጥላል፣ ሳይፈልግም ይቆጣል። ስለዚህ ማዳምን ስትጠይቁ «ደክሞኛል» ብቻ አትበሉ። «እማማን በሳምንት አንድ ቀን አንቺ ብታያት ለእርስዋ ይጠቅማታል» በሉ። ይህ ቃል የፍቅር ልጅን ይነካል፤ እውነትም ነው።

እረፍት የተከለከላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ እናውቃለን። ለእናንተ የምንለው አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ ነው። በአማርኛ ጻፉት፤ ቀኑን፣ የበላችውን፣ የጠጣችውን ውኃ፣ የወደቀችበትን ሰዓት፣ የተሰጣትን ኪኒንና ያዘዘውን ሰው። ሚዛን ካለ በወር አንድ ጊዜ ክብደትዋን ጻፉ። የማትንቀሳቀስ ከሆነች ያገላበጣችሁበትንም ሰዓት አስቀምጡ። በአንድ ቀን ውስጥ ድንገት ብትቀባዥር ወይም ከወትሮው በላይ ብታንቀላፋ «ሕመሟ ባሰ» ብላችሁ አትለፉት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የሚታከም ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ንገሩ። ደብተሩ ለሐኪሙ ይጠቅማል። ለእናንተም ይጠቅማል። ይህ ሕመም ሰውን ዕቃ ደብቆ እንዲረሳና «ሰረቁኝ» እንዲል ያደርጋልና፣ አምባሩ በጠፋ ቀን ባለፈውም ጊዜ ትራስ ሥር እንደተገኘ ከነቀኑ የተጻፈ ነገር ይኑራችሁ።

ስለ ቁልፍም አንድ ነገር እንናገር። የመርሳት ሕመምተኛ ወጥታ እንዳትጠፋ በር ይዘጋል፤ ይህ የሚገባ ጥንቃቄ ነው። ማዳም ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ስትሄድ ግን ጥንቃቄ መሆኑ ይቀራል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ መስኮትና በር እንዴት እንደረገፈ አይተናል። እሳት ቢነሣ መራመድ የማትችል ሴት ይዛችሁ በየት ትወጣላችሁ? ቁልፉ ቤት ውስጥ፣ እናንተ በምታውቁት ቦታ መሆን አለበት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የእናታቸውን ሕይወት መጠየቅ ነው።

እህቶቻችን፣ የሚመርም ነገር አለ፤ ብንደብቀው ግን ያችን የደረጃዋን እህት እንከዳታለን። ከእኛም መካከል አሮጊቷን ከወንበር ጋር በሻሽ ያሰረች፣ ለመተኛት ብላ ኪኒን የደገመች፣ የቆነጠጠች አለች። አልቅሳ የነገረችን አለች። አሥራ ስምንት ሰዓት ቆማ፣ ተሰድባ፣ ደመወዝዋ ሦስት ወር ተይዞ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ድንጋይ አናነሣም። ነገር ግን ቴታ የማዳምን በደል አልሠራችም። ስማችሁን በየቀኑ ብትረሳም እጃችሁ ለስላሳ ወይም ሻካራ መሆኑን ታውቃለች። ቁጣ ሲመጣባችሁ ወደ በረንዳው ውጡና ትንፋሽ ውሰዱ፤ እርስዋ ወንበሯ ላይ ደኅና ከሆነች አምስት ደቂቃ ብትቆዩ አትጎዳም። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ደግሞ «አልቻልኩም፣ ረዳት ያስፈልጋል» ማለት ሽንፈት አይደለም። የታሰረች አሮጊትን ያገኘ መርማሪም የመጀመሪያው ጥያቄው «ማን አሰራት?» ብቻ መሆን የለበትም። «ያሰረችው ከተኛች ስንት ቀንዋ ነው?» ብሎም ይጠይቅ።

ይህን ጽሑፍ ለማዳም የሚያነብላት ቢገኝ ደስ ይለናል። የሊባኖስ ልጆች እናታቸውን ይወዳሉ፤ በየቤቱ ስንሄድ አይተነዋል። ፍቅር ግን በሳሎን ተቀምጦ «ቴታ እንዴት ነች?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይደለም። ሳይናገሩ ማታ መምጣት፣ ብርድ ልብሱን ገልጦ ተረከዝዋን ማየት፣ የኪኒኑን ሣጥን መቁጠር፣ ከዚያም ዞር ብሎ ሠራተኛዋን «አንቺስ ተኝተሻል?» ማለት ነው።

እኛም ከእንግዲህ ስልክ ደውለን አንሄድም። ወደዚያ መጦሪያ ባለፈው ወር ሳንናገር፣ በራት ሰዓት ተመልሰን ሄድን። መጀመሪያ ጥበቃው ሊያስገባን አልፈለገም፤ ብዙ ከቆምን በኋላ ገባን። ወለሉ አላበራም። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሁለት እህቶች በስልካቸው ብርሃን ያጎርሱ ነበር። አንደኛዋ ያቺው ናት። አጠገብ ተቀምጣ፣ አሮጊቷን በስምዋ እየጠራች፣ ማንኪያውን አስጠግታ እስክትውጥ ትጠብቃለች። ኃላፊዋን ስለ ማታው የሠራተኛ ቁጥርና ስለ ጠዋቱ ኪኒን ጠየቅናት፤ ፊትዋ ተቀየረ እንጂ መልስ አልሰጠችንም። በሚቀጥለውም ወር እንጠይቃታለን። ቀኑን ግን አንነግራትም።