በረዶ መጥረግ ለመድን፣ ለቅሶ መድረስ ረሳን

ከሬክስዴል፣ ቶሮንቶ

ዛሬ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሹም ሽርም ሆነ ስለ ፓርቲዎች መግለጫ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ በረዶና ስለ ለቅሶ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ።

የምኖረው በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእርሻ መሬት ገዝቶ ቤት ከሠራበት ከሬክስ ሄስሎፕ ነው። ዛሬ በአልቢዮን መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሶማሌው፣ ህንዱ፣ ጃማይካዊውና ጋናዊው አንድ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። የሐበሻ ምግብ ቤት የተደረደረው ከዚህ ርቆ ዳንፎርዝ ላይ ነው። ሬክስዴል ያለነው ለመጋዘኑና ለአውሮፕላን ማረፊያው ሥራ መቅረብን የመረጥን፣ በማታ ፈረቃ የምንኖር ሰዎች ነን።

እኔ ከጉያና በመጡ አንድ አዛውንት ቤት ቤዝመንት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከአጥራቸው ቀጥሎ ያሉት ጎረቤታቸው ደግሞ ጣልያናዊ ሽማግሌ ናቸው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2025) የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ምርጫ ሲደርስ፣ የእኛ የምርጫ ክልል የፕሪሚየሩ የዳግ ፎርድ የራሳቸው ወንበር ስለሆነ፣ መንገዱ በምርጫ ሰሌዳ ተሞልቶ ነበር። ጣልያናዊው ከደጃቸው የወግ አጥባቂዎቹን ሰማያዊ ሰሌዳ ተከሉ፤ አከራዬ የሊበራሎቹን ቀይ ሰሌዳ ተከሉ። ወሩ ሲጋመስ ያ ከባድ በረዶ ወረደ። ከሥራ ስመለስ የተመለከትኩትን ልንገራችሁ። ጣልያናዊው ሽማግሌ የበረዶ መጥረጊያ ማሽናቸውን አስነስተው የራሳቸውን ደጅ ከጨረሱ በኋላ የአከራዬን የመኪና መግቢያ ይጠርጋሉ። በረዶው የጣለውን ቀይ ሰሌዳ ሲያገኙ ማሽኑን አቆሙ፤ አነሱት፤ አራግፈው መልሰው ተከሉት።

እኔ የመንግሥት ጋዜጣ አርታኢ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ የማልጠይቀው የለም። "የተቃዋሚዎን ሰሌዳ ለምን ይተክላሉ?" አልኳቸው። ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም። "የእሱ ነዋ!" አሉኝና ማሽናቸውን አስነሱ። ፎርድ ለሦስተኛ ጊዜ በአብላጫ ድምፅ አሸነፉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም ሰሌዳቸውን ነቅለው እንደ ድሮው በአጥር ላይ ስለ ቲማቲም ችግኝ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

በዚህ አገር ስኖር ያየሁት ትልቁ የባህል ልዩነት ይኸው ነው። ብርዱ አይደለም፤ ሰው አለቃውን በስሙ መጥራቱም አይደለም፤ ልጅ አባቱን "አይሆንም" ማለቱም አይደለም። የሰውየውን ሐሳብ ከሰውየው ለይቶ ማየት ነው።

በትልቁም መድረክ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1995 የኩቤክ ሕዝብ ከካናዳ ልገንጠል ወይስ አልገንጠል ብሎ ድምፅ ሰጠ። ከመራጩ ከ93 በመቶ በላይ ወጣ። "አንገነጠልም" ያለው 50.58፣ "እንገነጠላለን" ያለው 49.42 በመቶ ሆነ። አገር ልትፈርስ የቀራት ከ55 ሺህ ያነሰ ድምፅ ነበር። የተሸናፊው ወገን መሪ ዣክ ፓሪዞ በዚያው ሌሊት ንዴት ይዟቸው ያሸነፈን ገንዘብና የጎሳ ድምፅ ነው ብለው ተናገሩ። ወቀሳው የመጣው ከተቃዋሚዎቻቸው ብቻ ሳይሆን ከገዛ ወገናቸውም ነበር፤ በማግስቱ ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። የጠመንጃ ድምፅ አልተሰማም።

ካናዳውያን መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም። በዚችው ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1970 ተገንጣዮች ሚኒስትሩን ፒየር ላፖርትን አግተው ገድለዋል፤ መንግሥትም የጦርነት ጊዜ ሕግ አውጆ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስሯል። ከ150 ሺህ በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው ማንነታቸውን በሚያስጥል አዳሪ ትምህርት ቤት አልፈዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። በሰፈራችን ባሉት ፎቆች ላይም አሥር ዓመት በአንድ አሳንሰር ወጥተው ወርደው ስማቸውን የማይተዋወቁ ሰዎች አሉ። ከዚህ አገር ሁሉን ተማሩ የሚል ሰው የዚህን አገር ብቸኝነት አላየም።

ለብቸኝነት መድኃኒቱን ይዘን የመጣነውስ እኛ አልነበርንም? እድርን አስቡት። ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባ ነፊው ስም ይጠራል። ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል። በአዲስ አበባ ባደግኩበት ሰፈር የእድሩ መዝገብ የሟችን ብሔር አይጠይቅም ነበር፤ ፓርቲውንም አይጠይቅም ነበር።

እዚህ ላይ ለሃያ ዓመት ያህል ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ከ1997 ምርጫ በኋላ በሰኔና በጥቅምት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጥይት ሲተኮስ እኔ በአርታኢነት ወንበር ላይ ነበርኩ። በኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋገጠ፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልም አገር ጥለው ወጡ። በዚያ ሰሞን በእኔ እጅ ያለፈው የጋዜጣ ርዕስ ግን የሞቱትን "ሁከት ፈጣሪዎች" የሚል ነበር። አዞኝ ነው ልል እችላለሁ፤ መታዘዜም እውነት ነው። እስክሪብቶው ግን የእኔ ነበር።

ከሟቾቹ አንዱ የሰፈራችን ልጅ፣ የእድራችን አባል ልጅ ነበር። ለቅሶው ቤት እንዴት ይገባል? ቀርቼ ቅጣቱን ልክፈል ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ ሄድኩና ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆምኩ። የሟች እናት አዩኝ። የት እንደምሠራ ያውቃሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። "ና ግባ ልጄ፣ ከበር ላይ አትቁም" አሉኝ። ንፍሮ ቀረበልኝ። ማንም አንድ ቃል አልተናገረኝም። ያን ቀን ከስድብ የከበደ ነገር ቢኖር ያ ንፍሮ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሥራዬንም አገሬንም ጥዬ ወጣሁ።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ሬክስዴል ደርሶ ምን አደረገ?

በማታ ፈረቃ ለዓመታት አብሮኝ የሠራ የትግራይ ልጅ ወዳጅ ነበረኝ። ከሥራ ስንወጣ በ45 ቁጥር የኪፕሊንግ አውቶቡስ አብረን እንመለስ ነበር፤ በበዓል ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣልኝ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እሱ በአንድ ሰልፍ፣ እኔ በሌላ ሰልፍ ቆምን። በስልክ ተሰዳደብን። በ2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ኮምቦልቻን ሲይዙ እህቴ ከነልጆቿ ተፈናቀለች፤ እሱን እንደ ጥፋተኛ ቆጠርኩት። በዚያው ዓመት እናቱ ትግራይ ውስጥ ሞቱ። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር የሰማው ከወራት በኋላ ነው።

እኔም ሰማሁ። አልሄድኩም።

ተናድጄ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። "እሱ ቤት ገባ" ይሉኛል ብዬ ቡና አብረውኝ የሚጠጡትን የገዛ ወገኖቼን ፈራሁ። አገር ቤት ሳለሁ የምፈራው አለቃዬን ነበር፤ ነፃ አገር መጥቼ ደግሞ የቡና ጓደኞቼን ፈራሁ። ማን የሄደለት መሰላችሁ? ጉያናዊው አከራዬ! በአውቶቡስ ፌርማታ አግኝተውት ሐዘኑን ነገራቸው፤ በነጋታው ሩዝና ዶሮ ሠርተው በድስት ይዘውለት ሄዱ። ተመልሰው "ያ ዳቦ ያመጣልህ የነበረው ጓደኛህ እናቱ ሞተዋል፤ አልሰማህም እንዴ?" አሉኝ። አልሰማሁም አልኳቸው። ዋሸሁ።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። በየከተማው ያለነው እንዲህ ነን። ለዓመታት በሰሜን አሜሪካ ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ የአገር ቤት ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስና ገለልተኛ ተብላ ስትከፋፈል ኖራለች፤ ሲኖዶሶቹ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ሲታረቁ "ከእንግዲህስ" ብለን ነበር። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላ ጦርነት መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተዋጉት ሰዎች ፕሪቶሪያ ላይ ተጨባብጠው ፈረሙ፤ ያልተዋጋነው እኛ ግን በመደብር ውስጥ ስንተያይ አሁንም መንገድ እንቀያየራለን። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ ትናንት በአንድ ወገን የነበሩት ተለያዩ፤ የማይሄዱበት ለቅሶ ቤት ዝርዝር ረዘመ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ አገር እናስታርቃለን እያልን ጎረቤት መቅበር አቃተን።

ሒሳቡን ስሠራው እንዲህ ነው። ከአገር ቤት ይዘን ከመጣነው መካከል ጥላቻን መርምሮ የሚያስቀር በረኛ አልነበረንም፤ እሱ ገባ። ጥላቻን የሚያስታግሰው እድርና ለቅሶ ግን "ጊዜ የለም፣ ሥራ አለ" በሚል ሰበብ ከውጭ ቀረ። ከዚህ አገር ደግሞ በረዶ መጥረጉን፣ ግብር መክፈሉን፣ ሰዓት ማክበሩን ተማርን፤ የወደቀውን የሌላውን ሰሌዳ አንስቶ መትከሉን አልተማርንም። ከሁለቱም ባህል የሚበጀውን ጥለን የማይበጀውን አነሳን ማለት ነው።

በምትኩ ምን ይደረግ? የምለው ትልቅ ነገር አይደለም። በየከተማው ያቋቋምናቸው እድሮችና ማኅበራት በደንባቸው ላይ አንዲት አንቀጽ ይጨምሩ፦ ሐዘን ላይ የማንም ወገን አይጠየቅ፤ በፖለቲካ ምክንያት ለቅሶ የቀረ አባል እንደ አገር ቤቱ ይቀጣ። አቋም መተው አያስፈልግም። እኔም አልተውኩም። ከድንኳኑ ስንወጣ ክርክራችንን እንቀጥል።

ሌላው ነገር እርማት ነው። የካናዳ ጋዜጦች ስም እንኳ አሳስተው ቢጽፉ በማግስቱ "ተሳስተናል" ብለው ያትማሉ። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ለዋናው ስህተታችን እርማት አላተምኩም። ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፦ በ1998 ዓ.ም. በእጄ ባለፈው ርዕስ "ሁከት ፈጣሪ" የተባለው የሰፈራችን ልጅ ሁከት ፈጣሪ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ እየተመለሰ የነበረ ተማሪ ነበር። እናቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወዳጄ ቤትም ሄጃለሁ። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በሩን አንኳኳሁ። ከፍቶ ትንሽ አየኝና "ቆየህ" አለኝ። ሌላ አላለም፤ ገባሁ። የእናቱ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ነበር። ቡና ተፈላ። ስለ ጦርነቱ አላነሳንም፤ ብናነሳው አሁንም እንደማንስማማ ሁለታችንም እናውቃለን። እንደ ድሮው አልሆንንም፤ ያኔ ሄጄ ቢሆን ኖሮ እንሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። እናንተ ግን ያልደረሳችሁበት ለቅሶ ካለ ሳይዘገይ ሂዱ።

ቸር ይግጠመን።