ኤምአርአዩ «ደህና ነው» ሲል

አባትዎ ለሚ ይኖራሉ እንበል። ለፋሲካ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ቀኝ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያያሉ። ሲራመዱ ያው እጅ እንደ ወትሮው አይወዛወዝም፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ፊታቸውም ያኮረፉ ይመስላል። ጎረቤቱ «እርጅና ነው» ይላል። የእርስዎ ልብ ግን አላረፈም። በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ ያመጧቸውና በቀጥታ የጭንቅላት ኤምአርአይ እንዲነሱ ያደርጋሉ። ውጤቱ «ደህና ነው» የሚል ይሆናል።

አንዳንዱ ቤተሰብ በዚህ ተደስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ የተሻለ ማሽን ፍለጋ ይነሳል። ሁለቱም ቸኩለዋል።

ፓርኪንሰን የሚመጣው በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። የተለመደው ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል እንጂ የዶፓሚኑን ማነስ አያሳይም። ስለዚህ በሽታው እያለም ምስሉ ደህና ሊመስል ይችላል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እንደ ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም በጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ያሉ ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ችግሮች አለመኖራቸውን ለማረጋገጥ ይረዳል።

ዶፓሚኑን የሚያይ ምርመራም አለ። ዳትስካን ይባላል፤ በደም ሥር በሚሰጥ ጥቂት ጨረር ባለው መድኃኒት የሚሠራ ሲሆን አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ፈቅዳዋለች። ፓርኪንሰንን በዘር ከሚወርደው የእጅ መንቀጥቀጥ ለመለየት ይጠቅማል። ነገር ግን የፓርኪንሰን ዘመድ የሆኑ ሌሎች በሽታዎችም ተመሳሳይ ምስል ስለሚሰጡ እሱም ብቻውን የመጨረሻውን ቃል አይናገርም።

«ኮምፒውተር የአንጎል ምስል አይቶ ፓርኪንሰንን ለየ» የሚል ዜና ካነበቡ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡ። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ። ይሁንና «ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው» ብዬ ብነግርዎ ሰውየው ወንድ ይሁን ሴት በርግጠኝነት ማወቅ አይችሉም። የሕሙማን አንጎል በአማካይ ከጤነኞች ይለያል ማለትና እኚህ አባት ፓርኪንሰን አለባቸው ማለት እንደዚሁ የተራራቁ ናቸው። ደግሞስ ለኮምፒውተሩ «ይህ ታማሚ ነው፣ ይህ ጤነኛ ነው» ብሎ ያስተማረው ማን ሆነና? አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ነው። ጥናቱ ተስፋ ሰጪ መሆኑን አልክድም፤ ለእርስዎ ቤት ግን ገና አልደረሰም።

ዛሬም በሽታውን የሚለየው የነርቭ ሐኪም ዓይንና እጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ደጋግመው እንዲያነካኩ ያደርጋል፣ ክንዳቸውን ያጥፋል ይዘረጋል፣ ያስኬዳቸዋል፣ ዞረው እንዲመለሱ ይጠይቃል። ዋናው ምልክት የእንቅስቃሴ መዘግየት ነው፤ ከእሱ ጋር እጅ አርፎ ሳለ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ ግትርነት መኖር አለበት። መንቀጥቀጥ ብቻውን አይበቃም፤ ጭራሽ የማይንቀጠቀጡ ሕሙማንም አሉ።

እዚህ ላይ የእርስዎ እገዛ ያስፈልጋል። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው የቡና ሲኒ ሲያነሱ ነው ወይስ ጭናቸው ላይ ባረፈበት? በአንድ በኩል ጀመረ ወይስ በሁለቱም? ማሽተት ቀንሷል? የሆድ ድርቀት አለ? በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ? አረማመዳቸውን በስልክዎ ይቅረጹ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ለማስመለስ የሚሰጠው ፕላሲልና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ሊያመጡ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያስቁሟቸው።

ከለሚ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ የነርቭ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ ኤምአርአይ ካዘዘ «ምን ለማየት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥያቄው ነውር የለውም። በሽታው ፓርኪንሰን ሆኖ ከተገኘ ራሳቸው ከበሽታው ጋር የሚኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የመሠረቱት የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ አለ።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ከተጀመረላቸው ፕሮቲን ያለው ምግብ ሥራውን ሊያደክመው ስለሚችል ከምግብ ጋር እንዴት እንደሚወሰድ ሐኪሙን ይጠይቁ። የወሰዱበትን ሰዓትና ያዩትን ለውጥ በደብተር ይያዙ። በመድኃኒቱ በግልጽ መሻሻላቸው ራሱ ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ ደብተሩን በቀጠሮው ቀን ይዘውለት ይሂዱ።