ቤት ለእምቦሳ የማይባልበት ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ደስ የሚል ዜና በስልክ አይመጣልኝም፤ ቢሆንም ጆሮ ሰጠኋት። ቦሌ ላይ «ቅንጡ፣ ዘመናዊ፣ ምቹና ልዩ» አፓርትመንት አለ፤ 160 ሺህ ብር የነበረው ካሬ ለዚህ ወር ብቻ 25 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበታል። እርሳስ አንስቼ ሳሰላው 120 ሺህ ብር መጣ። አምና ከዚያው ድርጅት ሲደወልልኝ የተነገረኝ ዋጋም ይኸው 120 ሺህ ነበር! ሰቅሎ ማውረድ ቅናሽ ከሆነ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ የወረደ ሰውም አጠረ ሊባል ነው።

ድሮ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ቅጽል ሲበዛ ስሙ ይደክማል እል ነበር። እዚህም የደከመ ነገር አለ፤ ገበያው። አመሻሽ ላይ በአትላስ ወይም በሳር ቤት በኩል ያለፈ ሰው ቀና ብሎ ይይ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ መስኮቱ ግን ጨለማ ነው።

ሻጮቹ ምክንያት አያጡም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አሳንሰሩም አሉሚኒየሙም ከውጭ የሚመጣ ነውና ወጪው ናረ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ በኋላ ጣሪያውን ከፍ ቢያደርገውም፣ ለቤት ገዢ የሚተርፈው ብድር ድሮም ትንሽ ነበር። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው «ገዢ ጠፋ» የሚሉትን ነው።

ማን ጠፋ? በ2005 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሰው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ብዙው ዛሬም ቁልፍ አልጨበጠም። ቤት ፈላጊማ ሞልቷል! የጠፋው 140 ካሬ በ16 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር የሚገዛ ነው። በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ደመወዝተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም 70 ዓመት ይፈጅበታል፤ ያውም ዋጋው ቆሞ ከጠበቀው።

ታዲያ ቤቱ የተሠራው ለማን ነው? ብሩ እንዳይረክስበት ብሎኬት ውስጥ ለሚደብቅ ባለገንዘብ ነው። ለእሱ ይህ ቤት አይደለም፣ ካዝና ነው። ካዝና መብራት አያስፈልገውም፤ ለካዝናም «ቤት ለእምቦሳ» የሚል ጎረቤት የለም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዋጋው በግልጽ የማይወርደውም ለዚህ ነው። ከወረደ ትናንት የገዛው «ከሰርኩ» ብሎ ይጮሃል፤ ነገ የሚገዛው «ገና ይወርዳል» ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ዋጋው እንደተሰቀለ ይቆይና «ስጦታ»፣ «ልዩ ዕድል» የሚሉ ቃላት ይራገፉብናል። ሰኔ 2017 የውጭ ዜጋ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር አውጥቶ ቤት እንዲይዝ የሚፈቅደው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ የአንዳንዱ ሻጭ ዓይን ኤርፖርቱ በር ላይ ተተክሏል። ይምጡ፣ እንግዳ አልጠላም። ግን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ባለቤቱ በረንዳ ላይ አያድርም።

እናንተ ሻጮች፣ ከቀነሳችሁ ከልባችሁ ቀንሱ። ባለ 140 ካሬውን ትታችሁ 50 እና 60 ካሬ ሥሩ። የጣሊያኑ ሴራሚክ ይቅር፤ ውል ላይ የተጻፈው የርክክብ ቀን ግን ይከበር። ይህን ያደረገ ሻጭ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፣ ደጁ ላይ ሰልፍ ይሆናል።

ልጅቷን ግን አልተቆጣኋትም፤ በኮሚሽን የምትኖር ናት። «ለመሆኑ አንቺ የት ነው የምትኖሪው ልጄ?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ሰሚት ኮንዶሚኒየም፤ ለሦስት ተከራይተን።»

«እንግዲያው ቤት ለእምቦሳ የምልሽ ቀን ይምጣ።»

«አሜን ጋሼ» አለች፤ ከልቧ ነበር። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን ቀጠለች፤ «ቅናሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው።»