ዋቱን ከመቁጠራችን በፊት አቀበቱን እንለካ

የሳይንስ ክበባችን ለዚያች አሮጌ ብስክሌት የኤሌክትሪክ ሞተር ሊገጥምላት መነሣቱ ደግ ሐሳብ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማያወራ የለም፤ መኪናው ግን ከእኛ ከዕጩ መምህራን ኪስ ጋር አይተዋወቅም። ብስክሌት ትሻለናለች። ይሁን እንጂ «ባለ 1000 ዋት ካልሆነ የጉለሌን ዳገት አይወጣም» የሚሉትን ጓደኞቻችንን አስተያየት አንቀበልም።

እስቲ የተማርነውን ፊዚክስ እናውጣው። ጋላቢው 60፣ ብስክሌቷ ከነባትሪዋ 30፣ ድምር 90 ኪሎ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ክብደቱን ሽቅብ ማንሣት ብቻ 196 ዋት ይጠይቃል፤ ሰበቃውና ነፋሱ ሲጨመር 220 አካባቢ ይደርሳል። 70ውን እግር ይሰጣል (ፔዳሉ ለጌጥ አልተሠራማ!)። ለሞተሩ የሚቀርለት 150 ነው። ሙቀት ሆኖ የሚባክነውንና ቀጥ ያለውን አቀበት ብናስብለት እንኳ ባለ 500 ዋት ይበቃል። ደግሞም የእንጦጦ ስስ አየር የነዳጅ ሞተርን ሲያዳክም የኤሌክትሪኩን ምንም አያደርገውም።

ይልቅስ ከዋቱ በላይ መጠየቅ ያለበት ዓይነቱ ነው። በጎማው እምብርት ውስጥ የሚገባው ሞተር ርካሽ ነው፤ ለመግጠምም አያስቸግርም። ነገር ግን የብስክሌቷን ማርሽ አይጠቀምም። በሜዳ 45 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተጠመጠመውን ገዝተን በዳገት ብናዘግመው ከባትሪው የሚስበው ጉልበት ብዙው ሽቦ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚዞረውን፣ ፍጥነቱ 25 ላይ የሚያበቃውን እንፈልግ። ፔዳሉ አጠገብ የሚታሰረው በማርሽ ስለሚሠራ ለአቀበት ይበልጣል፤ ግን ሰንሰለት ይበላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። የምንገጥመው ከኋላ ጎማ ነው፤ የፊቱን ሹካ፣ በተለይ አሉሚኒየም ከሆነ፣ የሞተሩ ዘንግ ሊሰብረው ይችላል።

ባትሪው 48 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ቢሆን 480 ዋት ሰዓት ይይዛል። 90 ኪሎን 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብክነቱ ተቆጥሮ 40 ዋት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ እንጦጦ ደርሶ ይተርፋል። 1000 ዋት ሳያቋርጥ ቢሳብበት ግን ግማሽ ሰዓትም አይቆይ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ፤ ስለ እሱ እስካሁን አንድም ሰው አላነሣም። እንዲህ ያለው ሞተር ሲወርዱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። የአሮጌዋ የፍሬን ላስቲክ አልቋል፤ ቸርኬዋ ብረት ስለሆነ ክረምት ሲረጥብ ያዳልጣል። በላይዋ ደግሞ የሞተርና የባትሪ ክብደት ልንጭን ነው። በዚያ መንገድ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፣ ሕፃናት ተማሪዎች ይሻገራሉ።

ስለዚህ ክበቡ ሐሙስ ሲሰበሰብ በ1000ና በ500 ዋት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለአሉሚኒየም ቸርኬና ለአዲስ ፍሬን እንዲውል እንጠይቃለን። ፍሬኑ ሳይለወጥ ሞተሩ ቢገጠም ከእኛ መካከል ማንም ከሽሮ ሜዳ በላይ አይጋልባትም።