ፋጉሎው ለላሟ፣ ጉሎው ለችግኙ

ክረምት ሲገባ ችግኝ ተከላ የወጣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጥቁሩ ፕላስቲክ በምላጭ ይቀደዳል፤ ችግኙ ይገባል፤ ፕላስቲኩ እዚያው ይወድቃል። የተወሰነው ተሰብስቦ ይመለሳል። የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል፤ አልፎ አልፎም ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይቀበርና ሥሩ መላወሻ ያጣል። የተራቆተ ተራራ ልናለብስ ወጥተን የማይበሰብስ ነገር ትተንበት መመለሳችን ያመኛል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከፌስታል የከለከለው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን ብቻ ነበር። ስለዚህ የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሁላችንም ስለ ገበያው ፌስታል ስንነጋገር የችግኙን ፕላስቲክ ረሳነው። ምትክ ለማግኘት የሚቀለው ደግሞ ለእሱ ነው።

አንዱ ምትክ ከፕሮቲን የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። የአኩሪ አተር፣ የበቆሎ ወይም የስንዴ ፕሮቲን ግሊሰሪን ተጨምሮበት በሙቀትና በግፊት ሲታሽ እንደ ፕላስቲክ ይቀረጻል። ግሊሰሪኑ ከሌለ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰባበራል። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ሄንሪ ፎርድ እ.አ.አ. በ1941 ሚሺጋን ውስጥ “የአኩሪ አተር መኪና” ተብሎ የሚታወቀውን ባለ ፕላስቲክ አካል መኪና ለሕዝብ አሳይቷል። በኋላ ግን ርካሹ የነዳጅ ፕላስቲክ ገበያውን ጠቀለለው።

የፕሮቲን ፕላስቲክ ትልቁ ድካሙ ውሃ ነው። ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይልማል። ሥጋና ቲማቲም ለሚይዝ ከረጢት ይህ ጉድለት ነው። ለችግኝ ግን በጎ ጎን አለው። አሜሪካ የሚገኘው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአኩሪ አተርን ፕሮቲን ፖሊላክቲክ አሲድ ከሚባለው ከዕፅዋት ስኳር ከሚሠራ ፕላስቲክ ጋር ቀላቅለው የችግኝ ማሰሮ ሠርተዋል። ቅልቅሉ ማሰሮው ውሃ እየጠጣም ቅርጹን እንዲይዝ ያግዘዋል፤ ፕሮቲኑ ሲበሰብስም ናይትሮጅኑ ለተክሉ ማዳበሪያ ይሆናል። ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነውና።

ታዲያ እኛ ፕሮቲኑን ከየት እናምጣ? መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው የኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ፋጉሎ የላም ቀለብ ነው፤ ዋጋው በናረ ቁጥር የልጆቻችን ወተትም ይወደዳል። ከላም አፍ የተነጠቀ ፕላስቲክ፣ ቢበሰብስም፣ ንጹሕ አይደለም።

ጉሎስ? በየአጥሩ ጥግ ራሱ በቅሎ ራሱ ያፈራል። ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው ዝቃጭ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም ራይሲን የሚባል መርዝ ስላለበት እንዲሁ ለከብት አይሰጥም። ሙቀት መርዙን ያከሽፈዋል፤ ያም ሆኖ ሠራተኛው ዝቃጩን ከመንካቱና አቧራውን ከመሳቡ በፊት በአግባቡ መሞቁ መረጋገጥ አለበት። በዚህ ላይ ቸልታ አይፈቀድም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንድ የችግኝ ጣቢያ፣ አንድ የዘይት መጭመቂያ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይገናኙ። ከጉሎ ዝቃጭ የተሠራው ማሰሮ ወራት የሚፈጀውን የዕለት ተዕለት ውሃ ማጠጣት ችሎ ተከላ ድረስ መቆየቱን፣ ከተቀበረ በኋላም ለሥሩ መንገድ መልቀቁን ከጥቁሩ ፕላስቲክ ጎን አስቀምጠው ይፈትኑት፤ ለመጪው ክረምት ይድረስ።